የአቡነ ዮሴፍ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከላሊበላ፦ ጋይዱ አምስት ኮከብ፣ ምሳው ለቁራ

ከላሊበላ ተነስቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ነበር፣ ስንት ፈጀ፣ ይመከራል ወይ እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ባጭሩ ተራራው ይመከራል፣ ጋይዱ በጣም ይመከራል፣ በቅሎዋም እንደዛው፣ ፓኬጁን የሸጠልን ቢሮ ግን... ቆይ እሱን እመጣበታለሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ጦሳን ስወጣ ስወርድ ነው ያደኩት፣ እና ተራራ ለኔ ምን ያህል ነው ብዬ ነው የሄድኩት፣ ይሄ ጉራ የት ላይ እንደተነፈሰ ትሰሙታላችሁ። አብራኝ የነበረችው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ ስለ ጓሳ ሳር ስለ ቀበሮ ምናምን ደንታም የላት፣ አሸተን ማርያምን ልሳለም ብላ ነው የመጣችው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ደግሞ ገና ከቤት ሳንወጣ "በቅሎ ከሌለ ከተማ ቁጭ እላለሁ፣ ኋላ እንዳትጨቀጭቀኝ" ብላ አስምላኛለች።

መንገዱን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ድልብን በጥምዝምዙ ወጥታችሁ ጋሸና፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ተገንጥላችሁ 64 ኪሎ ሜትር ላሊበላ ናችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እዛ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ፣ ጊዜውን ታውቁታላችሁ፣ እኛም ሁለቴ አራዝመን ሦስተኛው ላይ ነው የተሳካልን። ወሩ ህዳር ነበር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው ጥሩው፣ ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ጭቃና ጉም አይታችሁ ነው ምትመለሱት። ለገና ደግሞ አትሞክሩት፣ ታኅሣሥ 29 ሀገር ምድሩ ላሊበላ ስለሚከትም እንኳን አልጋ በቅሎም አታገኙም።

እንግዲህ ማታ እንደገባን አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም። ጠረጴዛ፣ ፎቶ የሞላ ግድግዳ፣ ከረባት ያሰረ ልጅ። "ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ጫፉ ላይ ምሳ ትበላላችሁ፣ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ፣ 11 ሰዓት ሆቴላችሁ ገብታችሁ ሻወር ትወስዳላችሁ" አለን፣ ቀበሮዋን በቀጠሮ ያስቀመጣት ነው ሚመስለው። ለሁለታችን 6,500 ብር፣ ውስጡ ጋይድ፣ አንድ በቅሎ ከነባለቤቱ፣ ምሳና ውሃ። ከፈልን።

እዚጋ ቆም ብዬ ያኔ ልሰራው የሚገባኝን ሂሳብ ልስራላችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ላሊበላ ከተማ ያለችው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አሸተን ማርያም ከ3,000 በላይ ናት። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከከተማ በእግር ተነስተህ ጫፍ ልትደርስ 1,700 ሜትር ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው፣ እሱንም መልሰህ ልትወርደው። ጋይዳችን ኋላ እንደነገረኝ በዛ ከፍታ በሰዓት 300 ሜትር ሽቅብ የሄደ ሰው ጎበዝ ነው። 1,700ን ለ300 አካፍሉት፣ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ እረፍት ሳይኖር፣ መሳለም ሳይኖር፣ ፎቶ ሳይኖር፣ መሃል ላይ ያለው ሜዳና ቁልቁለት ሳይቆጠር። ባለ ከረባቱ ልጅ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

ጋይዱ ግን ሌላ ሰው ነው። ማንም ሳያዘው ማታውኑ ሆቴላችን ድረስ መጣ። እኔ ስለ ቀበሮው ልጠይቀው ስል እሱ ጫማችሁን አሳዩኝ አለ። እህቴ ለጉዞው ብላ የገዛችውን አዲስ ጫማ አውጥታ ስታሳየው "እትዬ፣ አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይፈተሽም፣ ያንን የለበሱትን አሮጌውን ያድርጉ" አላት፣ ደስ አላላትም ግን ሰማችው። የኔን አይቶ ትንሽ ዝም አለና "ወንድሜ ይሄ ስንት ጊዜ ተቀምጧል?" አለኝ። ደሴ ከሳልቫጅ የገዛሁት የውጭ ቡት ነው፣ ከላይ ሲታይ አንበሳ ነው፣ ሁለት ዓመት አልጋ ስር ነበር። "ምንም አይልም" አልኩት በኩራት። ከዛ ጋቢ ያዙ፣ ዝናብ ባይኖርም ላስቲክ ያዙ ለንፋሱ ይሆናል፣ ቆሎ ያዙ፣ ውሃ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር እንዳያንስ፣ የቢሮውን ውሃ አትመኑ ብሎን ሄደ። እውነቱን ነበር፣ ጠዋት የተሰጠን ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ናት፣ ለየራሳችን አንዳንድ።

ብርዱን በተመለከተ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ በሸሚዝ የምትሄዱበት ቀን ላይ ሆናችሁ 4,000 አካባቢ ያለው አየር ከዛ አስር ዲግሪ ያንሳል፣ ንፋሱን ሳንጨምር። ፀሐዩ ደግሞ ብርዱ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚጠብሰው፣ ኮፍያ ሳልይዝ ሄጄ አፍንጫዬ ሳምንት ሙሉ ሲላጥ ነበር።

12 ሰዓት ላይ በቅሎዋ በር ላይ ቆማለች። ዳማ ናት፣ ረጋ ያለች፣ ባለቤቷ ስድሳ የሚሆናቸው ሽማግሌ፣ ባና ለብሰው ዱላ ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው። ኮርቻውን ሁለቴ ነቅንቀው ጠፍሩን አጠበቁና "ልጄ ነይ ውጪ፣ እሷ አትጥልሽም፣ አንቺ ብቻ አትጣያት" አሏት እህቴን፣ ከዛች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቻቸው ነው ያወሩት። ስለ በቅሎ አንድ ማንም ያልነገረን ነገር ልንገራችሁ፣ በቅሎ የምትጠቅመው ለሽቅቡ ነው። ገደላ ገደል ቁልቁለት ላይ አይጋለብም፣ ወርዳችሁ በእግር ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ የሚሰቃየው ሲወርድ ነው አይደል? እና በቅሎ ተከራየሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ዱላ ያዙ። ከተማ መውጫ ላይ ልጆች ይሸጡታል፣ ጥቂት ብር ነው፣ ከቀኑ ወጪ ሁሉ የተባረከችው እሷ ናት።

እስከ አሸተን ያለው መንገድ ድንጋያማ ሽቅብ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መጨረሻዋ ላይ በአለት መሃል ባለች ጠባብ መሹለኪያ ታልፋለህ፣ ትከሻህ ግራ ቀኙን እየነካ፣ ከዛ ብቅ ስትል ከግርህ ስር ላሊበላ ከነቆርቆሮዋ ተዘርግታለች። ቤተክርስቲያኗን ንጉሥ ላሊበላ ጀምሯት ነአኩቶ ለአብ ፈጸማት ነው የሚባለው፣ ከአለት የተፈለፈለች ትንሽ ናት፣ ከታች ከተማው ውስጥ ያሉትን አስራ አንዱን አይታችሁ ከመጣችሁ በስራዋ አትደነቁም ይሆናል፣ ያለችበት ቦታ ግን ያስደነግጣል። አባ መስቀልና የብራና መጽሐፍ አውጥተው አሳዩን፣ እህቴ ተሳልማ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ አትነሳም። አንድ ሰዓት ሞላ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ጋይዱ ሰዓቱን አያይም። ኋላ ቀስ ብሎ ሄዶ "እትዬ እዚሁ ሊቆዩ ከፈለጉ ስንመለስ እንወስድዎታለን፣ ምርጫው የእርስዎ ነው" አላት። እሷም "ተሳልሜማ ከዚህ በኋላ የት ብሄድ ምን እሆናለሁ" ብላ ተነሳች። ቢሮው ይሄን አንድ ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ አላስገባውም፣ አሸተን ደርሶ በአስር ደቂቃ የሚወጣ ሀበሻ የት እንዳዩ እንጃ።

ከአሸተን በላይ ነው ሀገሩ የሚቀየረው። ሁዳድ ወደሚባለው አምባ ስትጠጉ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጦስኝ የሚሸት ሜዳ። ጭላዳዎቹ እዛ ነበሩ፣ መቶ ይሆናሉ ከነግልገሎቻቸው፣ ቁጭ ብለው ሳር እየነጩ ይበላሉ፣ አይሸሹም። ደረታቸው ላይ ያለችው ቀይ ነገር ከርቀት ትታያለች። ማታ ማታ ገደሉ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ጠዋት ይወጣሉ፣ ስለዚህ አርፍዳችሁም ቢሆን ታገኟቸዋላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም ይሄ እንስሳ፣ እኛ ግን "ዝንጀሮ ለማየት ይሄን ሁሉ?" እንላለን (እህቴ ናት ያለችው፣ ኋላ 60 ፎቶ ያነሳችውም እሷ ናት)።

ከሁዳድ አልፈን ሽቅብ ስንጀምር ነው የኔ ቡት አፉን የከፈተው። የቀኙ ሶል ከፊት በኩል ላጥ ብሎ ተለየ፣ ከአስር እርምጃ በኋላ ግራውም ተከተለ። ለካ እነዚህ የውጭ ቡቶች ሳይለበሱ ብዙ ዓመት ከተቀመጡ ውስጣቸው ያለው ላስቲክ ራሱ ይበሰብሳል፣ ከላይ ቆዳው አዲስ ነው፣ ከስር እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። ማታ ጋይዱ "ስንት ጊዜ ተቀምጧል" ያለኝ ለዚህ ነው። ሳልቫጅ ቡት የምትገዙ፣ ሶሉን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ጎንበስ ቀና አድርጉት፣ ስንጥቅ ካለው ወይ ከፈረፈረ ጥላችሁ ሂዱ፣ ማስቲሽም አያድነው። እኔ እዛ ዳገት ላይ እንደ ዳክዬ እየተንጣጣሁ ቆምኩ፣ የጦሳው ጀግና። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው ጓሳ ነጩ፣ መዳፋቸው መሃል ገመሉት፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሁለት ገመድ ወጣው፣ ጫማዬን ከላይ እስከ ታች ጠፈሩልኝ። ጓሳ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ እረኞቹ ዝናብ ላይ የሚደርቡት ገሳም ከሱ ነው። ያ ገመድ ከተማ እስክገባ አልተፈታም። ቡቱን ጣልኩት፣ ገመዶቹ እቤት አሉ።

ከዛ በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል፣ መጀመሪያ ወገብ የሚደርስ፣ ኋላ ቁርንጭጭ ያለ፣ ከሱ በላይ ያው ጓሳ ብቻ፣ ንፋሱ ሲመታው ሀገሩ በሙሉ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ድምፅ የለም። ኔትወርክም የለም፣ ስልኬ ከ70 ወደ 20 ፐርሰንት የወረደው ሰው ደውሎልኝ ሳይሆን በብርዱ ነው፣ በኪስ ሳይሆን በደረት በኩል ያዙት። ከላይ ተረተሩ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጅብራዎች ከርቀት አየናቸው፣ ሰው የቆመ ነው የሚመስሉት። ጅብራ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚያብበው፣ አንዴ አብቦ ይሞታል አለን ጋይዱ፣ እህቴም "ምነው እንዲህ ለፍቶ" አለች።

ራሴን ማመም የጀመረኝ እዛጋ ነው። ደሴም ላሊበላም ከፍታቸው ስለሚቀራረብ እኛ የደሴ ሰዎች ትንሽ ይሻለናል፣ ከኮምቦልቻ ወይ ከቆቦ ቀጥታ የምትመጡ ከሆነ ግን ላሊበላ አንድ ቀን ሙሉ ዋሉበት፣ ቤተክርስቲያኖቹን ተሳለሙ፣ በነጋታው ውጡ። ራስ ምታቱ ትንሽ ከሆነ ቀስ ማለትና ውሃ መጠጣት ነው፣ እየባሰ ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ጀግንነት አያስፈልግም። ጋይዱ በየሃያ ደቂቃው ፊቴን ያየኝ ነበር፣ ሳያስመስል፣ ወሬ እያወራ። ልጁ ስራውን ያውቃል ያልኩት ለዚህ ነው።

ልክ 6 ሰዓት ላይ ቆመ። ስልኩ ላይ 3,600 ምናምን ሜትር ይላል። "እንግዲህ እንመለሳለን" አለ። ጫፉስ? አልኩ። በእጁ አሳየኝ፣ ማዶ፣ ጉም እየለበሰ። "በአንድ ቀን ከከተማ በእግር ሄዶ እሱን ነክቶ መመለስ ለሯጭ ነው። እኔ 6 ሰዓት ላይ የትም ብሆን እዞራለሁ፣ ንጉሥም ብወስድ።" ማታ ለምን አልነገርከኝም ስለው ትንሽ አፈረና "ቢሮው ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ነው እኔን የሚጠራኝ፣ እንግዳውን ካስቀየርኩ ሌላ ቀን አይጠራኝም" አለ። ይሄን ስሰማ በሱ መናደድ አቃተኝ፣ ግን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተናድጃለሁ፣ ማታ ቢነግረን ሁለት ቀን አድርገን እናስተካክለው ነበር።

ቀበሮ አላየንም። ጋይዱም እዛ ቦታ የሚመላለሰውን ያህል አያያቸውም። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ሁሉም እዚሁ ሀገራችን፣ አቡነ ዮሴፍ ላይ ያሉት ደግሞ በጣም ጥቂት። የሚጨርሳቸው አንዱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ ውሻችሁን ለሽርሽር ይዛችሁ እንዳትወጡ። እና የትኛውም ቢሮ "ታያላችሁ" ብሎ ከሸጠላችሁ ዋሽቷል፣ "ልታዩ ትችላላችሁ" ካለ ጨዋ ነው።

አሁን ምሳው። ቀኑ ረቡዕ ነው። ሳጥኑን ስንከፍተው የእንቁላል ሳንድዊች። ለሁለታችንም። ረቡዕ ቀን፣ ላስታ ምድር ላይ፣ አሸተን ማርያምን ተሳልማ ለመጣች ሴት! እህቴ ሳጥኑን ዘጋችና አንድ ቃል ሳትናገር አሻግራ ማዶ ማዶ ማየት ጀመረች። እኔ እንደሷ ጿሚ ነኝ ብዬ አልዋሽም ግን በሷና በሽማግሌው ፊት እንቁላል መግመጥ አልቻልኩም፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ ፊቴን ሳዞር አንድ ወፍራም አፍ ያለው ቁራ መጥቶ ከነወረቀቱ ይዞት ሄደ። ሁለተኛውን ሊወስድ ሲመለስ ማንም አልከለከለውም። ምሳችን ሽማግሌው ከኮርቻው ስር ያወጡት የገብስ ዳቦና የኛ ቆሎ ሆነ፣ ጋይዱ በፔርሙስ ይዞት የመጣው የጦስኝ ሻይ ተጨመረበት። ሻዩን ሌላ ቀን ከተማ ውስጥ አፍልቼ ሞክሬዋለሁ፣ እንደዛ አይሆንም።

ቁልቁለቱን አጭር ላድርገው ምክንያቱም እህቴ እንዲነሳባት አትፈልግም። ቀስ ብለን፣ በዱላ፣ አስቸጋሪው ላይ ሽማግሌው ክንዷን ይዘው። ከተማ የገባነው 12 ሰዓት አልፎ ሊመሽ ሲል ነው። ባትሪ ያዙ።

በነጋታው ቢሮው ሄድኩ። ጫፍ አልደረስንም አልኩ። ባለ ከረባቱ "ጫፍ ስንል የግድ ጫፉን ሳይሆን አካባቢውን ማለታችን ነው" አለኝ። ጫፍ የሚባል ነገር አካባቢ ሲኖረው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስለ ምሳው ስነግረው ግን ደነገጠ፣ የምሳውን 400 ብር መለሰ። ከከፈልነው 6,500 ውስጥ ጋይዱ 1,500፣ ባለበቅሎው 1,000 ነው የደረሳቸው፣ ጠይቄ ነው። ቀሪው የት እንደገባ ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች ይወቁት። ስለዚህ እኔ ብሆን ቢሮ አልገባም፣ ፈቃድና መታወቂያ ያለው ጋይድ ራሱን ፈልጌ፣ ዋጋውን ከሱ ጋር ተነጋግሬ፣ በቅሎዋን ለብቻ ከባለቤቷ ጋር እዋዋላለሁ፣ ምሳዬን ራሴ አሲዤ። ለአንድ ቀን አሸተንና ሁዳድ በቂ ነው፣ በጊዜ ከተነሳችሁ እንደኛ ጓሳው ድረስ። ጫፉን ለምትፈልጉ መሃል ላይ አንድ ሌሊት ማደር ነው፣ ጋይዱ አዘጋጃለሁ ብሏል።

ኮከብ ካስፈለገ ለጋይዱ አምስት፣ ለበቅሎዋና ለባለቤቷ አምስት፣ ለቢሮው ምሳውን ስለመለሰ ብቻ ሁለት፣ ለቡቴ ዜሮ። ጥር ላይ ለሁለት ቀን እንመለሳለን። ሀሳቡን ያመጣችው እህቴ ናት፣ ዳማዋን ሌላ ሰው ሳይዛት ብላ ሽማግሌው ጋ ቀድማ ደውላለች፣ እኔ ገና ጫማ እየፈለግኩ ነው።